ስለ አዝመራ ሥር አመጋገብና ስለ ኮመጠጠ መሬት

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ በነሐሴ ወር የሚጓዝ ሹም፥ የጉናን ግርጌ አልፎ ወደ ነፋስ መውጫ ሲቃረብ፥ በአንድ ባላገር ይዞታ ውስጥ ሁለት ዐይነት ገብስ ለማየት ይችላል። ከቤቱ አጠገብ በጓሮ የተዘራው ገብስ ቅጠሉ ለምልሞ፥ አገዳው ወፍሮ ቆሟል። ከቤቱ ራቅ ብሎ በተዳፋቱ ላይ የተዘራው ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፥ ቁመቱ አጥሮ፥ እዚህና እዚያ ሳስቶ ይታያል። ዘሩ አንድ ነው፤ ዝናሙም አንድ ነው፤ የዘራውም እጅ አንድ ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ማዳበሪያው የተጨመረው ለጓሮው ሳይሆን ለሩቁ እርሻ ነው።

ይህን ያየ ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል፤ መልሱም እንደ ጠያቂው ይለያያል። ባላገሩ መሬቱ ደከመ ይላል። አንዳንዱ ሹም ባላገሩ ሰነፈ ይላል፤ በቀድሞው ዘመን ጉልተኛው ግብሩ ሲያንስበት ይህንኑ ይል ነበር፤ ጉልቱ ሲሻር ወቀሳው ሳይሻር ቀረ። ማዳበሪያውን የሚያከፋፍለው ሠራተኛ ደግሞ መጠኑ አንሷልና ይጨመር ይላል። ከሦስቱ ወደ እውነት የሚቀርበው ባላገሩ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ በምን እንደ ደከመ ለማወቅ ከአፈሩ በታች ያለውን የሥሩን ጫፍ መመልከት ያስፈልጋል፤ ይህንንም የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው።

አዝመራ አፍ የለውም። ከመሬት የሚቀበለው ምግብ ሁሉ የሚገባው በሥሩ ላይ ባሉት ጥቃቅን ሕዋሳት በኩል ነው። ሕዋስ ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ፥ ሰውም ቢሆን፥ ከብትም ቢሆን፥ ገብስም ቢሆን፥ የተሠራበት በዐይን የማይታይ ትንሽ ክፍል ነው። ሮበርት ሁክ የተባለው እንግሊዛዊ በ1665 (የፈረንጆቹ ሊቃውንት ዓመት እዚህ የሚቈጠረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) የቡሽ ቅርፊት በማጉያ መነጽር ቢመለከት እንደ ማር እንጀራ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ አገኘው፤ ክፍሎቹንም ሴል ብሎ ሰየማቸው። እያንዳንዱም ሕያው ሕዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። የሽፋኑ ስስነት በቃል ለመግለጽ ያስቸግራል፤ በሁለት ረድፍ የተደረደረ የቅባት ልባስ መሆኑን ጎርተርና ግሬንደል የሚባሉ የሆላንድ ሊቃውንት በ1925 ገልጠዋል። ቅባትና ውሃ እንደማይዋሐዱ ማንም ያውቃል። ስለዚህ ውሃውም ሆነ በውሃ የሟሟው የመሬት ጨው በዚህ ሽፋን እንዲያልፍ በር ያስፈልገዋል። በሩ ደግሞ እንደ እልፍኝ በር አጋፋሪ ያለበት ነው፤ የሚገባውን ያስገባል፤ የማይገባውን ይመልሳል፤ ከውስጥም የሚወጣውን ለይቶ ያስወጣል። ለውሃ ብቻ የተሠራውን በር ያገኘው አሜሪካዊው ፒተር አግር ነው፤ ነገሩን በ1992 ገልጦ በ2003 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሎበታል።

ውሃ ወደ ሕዋስ የሚገባበትና የሚወጣበት ሕግ ለሴቶቻችን አዲስ አይደለም፤ ስሙን ሳያውቁት ሲሠሩበት ኖረዋል። ለብቅል የተዘፈዘፈ ገብስ ባደረ ጊዜ ማበጡ፥ በውስጡ ያለው የተከማቸ ንጥረ ነገር ውሃውን ወደ ራሱ ስለ ሳበው ነው። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ ማውጣቱም የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ጨዉ በውጭ ስለ በዛ ውሃው ከሥጋው ሕዋሳት ወደ ጨዉ ይወጣል። ውሃ የሟሟ ነገር ከሚያንስበት ወደሚበዛበት ይሄዳል፤ ሕጉ ይኸው ነው። ኖሌ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ በ1748 በወይን አልኮል የሞላውን ብልቃጥ አፉን በእሪያ ፊኛ ሸፍኖ ውሃ ውስጥ ቢያኖረው፥ ፊኛው ውሃ ወደ ውስጥ እየሳበ ተወጥሮ አገኘው። (ፈረንጆች እሪያ ስለሚያርዱ ፊኛው አልቸገራቸውም፤ ለእኛ አገር ድንች ይበቃል።) የወረዳ ሹም በገበያ ቀን በጽሕፈት ቤቱ ደጅ ድንች አስቈርጦ፥ ግማሹን በንጹሕ ውሃ፥ ግማሹን ጨው በበዛበት ውሃ ቢያስቀምጥ፥ በማግስቱ በንጹሑ ውሃ ያደረው ጠንክሮ፥ በጨዉ ያደረው ግን እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሶ ይታያል። ዩሪያ ወይም ሌላ ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ተነካክቶ የተጣለ እንደ ሆነ ብቃዩ የሚቃጠልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ማዳበሪያም የጨው ወገን ነውና። ይህን ድንች ያየ ገበሬ ማዳበሪያውን ከዘሩ ጥቂት ጣት ራቅ አድርጎ እንዲጨምር ሁለተኛ መለመን አያሻውም።

የውርጭም ጥፋት ከዚሁ የሚመደብ ነው። በጉና ወገብ ላይ ሌሊት ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ ሲወርድ፥ በረዶው በመጀመሪያ የሚረጋው ከሕዋሱ ውጭ ነው፤ የረጋውም በረዶ እንደ ጨው ሆኖ ውሃውን ከሕዋሱ ይስባል፤ ሕዋሱም ይደርቃል። ጧት ፀሐይ ስትወጣ ቅጠሉ በእሳት የተለበለበ መስሎ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ውሃው እንዲህ በራሱ ሲሄድ፥ የመሬት ጨው ግን፥ ይኸውም ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስ፥ ፖታሲየምና የመሳሰለው፥ ብዙውን ጊዜ በራሱ አይገባም። ፎስፎረስ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ካለው ይልቅ በአፈሩ ውሃ ውስጥ ያለው እጅግ ያነሰ ነው፤ እንግዲህ ሥሩ ምግቡን እንደ ዳገት ወደ ላይ ይጐትታል ማለት ነው። ለዚህም ሥራ ኀይል ይከፍላል። ቅጠሉ በፀሐይ የሠራው ስኳር ወደ ሥሩ ወርዶ፥ ከአየር ጋር ተቃጥሎ፥ የሽፋኑን በሮች ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ሥር ይተነፍሳል፤ አየር ያጣ ሥር ምግብ በፊቱ ተዘርግቶ ይራባል። በእስቴም ሆነ በሌላ ስፍራ ዋልካ መሬት ባለበት፥ በሐምሌ ውሃ የተኛበት አዝመራ ቢጫ የሚሆነው ከፊሉ ስለዚህ ነው፤ ናይትሮጅኑም በበኩሉ እየተለወጠ ወደ አየር ይጠፋል። ባላገሩ በእርሻው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ ለሥሩ መተንፈሻ ነው። ፈሰሱ ግን ውሃውን በጎረቤት እርሻ ላይ እየጣለ ቦይ የሚቦረቡር ከሆነ ጠብ ያመጣልና፥ የውሃው መውረጃ በቀበሌው ስምምነት መቀየስ አለበት።

አሁን ወደ ተነሣንበት ገብስ እንመለስ።

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የላይ ጋይንትና የእስቴ ደጋ ቀይ አፈር የኖራ ድንጋይ የለበትም፤ የክረምቱም ዝናም በሺህ ዘመናት ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም እያጠበ ወደ ርብ፥ ወደ ጉማራና ወደ በሸሎ አውርዶታል። የቀረውን ደግሞ አዝመራው በየዓመቱ ይዞት ይወጣል፤ እህሉ ወደ ጎተራ፥ ገለባው ወደ ከብት፥ የከብቱም እበት ኩበት ሆኖ ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ወደ እርሻው የሚመለስ የለም። በዚህ ላይ ዩሪያና የመሳሰለው ማዳበሪያ በአፈሩ ውስጥ ሲለወጥ አሲድ ይፈጥራል፤ ለብዙ ዓመታት ያለ ኖራ ብቻውን ሲጨመር መሬቱን ይበልጥ ያኮመጥጠዋል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ከመቶው 43 ያህሉ የኮመጠጠ መሆኑ ይገመታል።

የአፈር ኮምጣጣነት የሚለካበት መስፈሪያ ፒኤች ይባላል። 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ አንድ ደረጃ በወረደ ቍጥር ኮምጣጣነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። መለኪያው ከ5.5 በታች ሲወርድ አዲስ ጠላት ይነሣል፤ እርሱም አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም በሸክላ አፈር ሁሉ ውስጥ ሞልቷል፤ ነገር ግን አፈሩ እስካልኮመጠጠ ድረስ ከሸክላው ጋር ታስሮ ስለሚኖር ማንንም አይጐዳም። አፈሩ ሲኮመጥጥ ይሟሟል፤ ሟሙቶም ወደ ሥሩ ጫፍ ይደርሳል። የሥሩ ጫፍ ደግሞ አዳዲስ ሕዋሳት የሚወለዱበትና የሚረዝሙበት ስፍራ ነው። አሉሚኒየሙ በሕዋሱ ግድግዳና በሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ግድግዳውን ያደርቃል፤ የካልሲየምን መግቢያ ይዘጋል፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥም የሥሩ መርዘም ይቆማል። ሥሩ አጭር፥ ደንዳናና ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል፤ ምግብ የሚለቅሙት እንደ ፀጉር የቀጠኑት ጫፎቹም አይወጡም። ፎስፎረሱም ቢሆን፥ ባላገሩ ተበድሮ ገዝቶ የጨመረው እንኳ ሳይቀር፥ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ለሥሩ የማይገኝ ይሆናል።

እንግዲህ የሩቁ እርሻ ገብስ የታመመው ምግብ ስላልቀረበለት ሳይሆን፥ የሚቀበልበት በር ስለ ፈረሰበት ነው። በሩ በፈረሰበት እልፍኝ ድግሱን ማብዛት እንግዳውን አያጠግብም። ጕዳቱም በምግብ ብቻ አይወሰንም። ሥሩ ወደ ታች መውረድ ስለማይችል፥ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናሙ ዐሥር ቀን ቢያቋርጥ፥ ከስንዝር በታች ያለው አፈር እርጥብ ሆኖ ሳለ ገብሱ ይጠወልጋል፤ ነገሩም በድርቅ ስም ይመዘገባል። ላይ ጋይንት፥ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. ከተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ተረጂዎች መካከል የነበሩ ወረዳዎች ናቸው። በእነዚህ ስፍራዎች ከሰማይ የመጣውን ጕድለት ከመሬት ከመጣው ለይቶ መጻፍ የሹማምንት ሥራ ነው፤ ለመጀመሪያው እህል መጠየቅ ይገባል፤ ለሁለተኛው ግን በየዓመቱ እህል ቢመጣ በሽታው ባለበት ይኖራል።

የጓሮው ገብስ ምሥጢርም ከዚህ በኋላ የተሰወረ አይሆንም። የቤቱ እመቤት በየቀኑ ከምድጃዋ የምታወጣውን አመድ በጓሮ ትደፋለች፤ የጋጣው ጠረግም ይደፋበታል። አመድ ካልሲየምና ፖታሲየም የያዘ፥ አሲድን የሚያበርድ ነው። እርስዋ ቤትዋን ስትጠርግ የጓሮውን አፈር ስታክም ኖራለች። ነገር ግን የአንድ ቤት አመድ ለጓሮ ቢበቃ እንጂ ለሰፊው እርሻ አይበቃም፤ ለእርሻው የሚሆነው ተፈጭቶ የላመ የኖራ ድንጋይ ነው።

ኖራ ማዳበሪያ አይደለም፤ ይህን ለባላገሩ አስቀድሞ መንገር ይገባል። ኖራ ገብሱን አይመግብም፤ አሲዱን አብርዶ አሉሚኒየሙን ወደ እስራቱ ይመልሰዋል፤ በካልሲየሙም የሕዋሱን ሽፋን ያጸናል። ስለዚህ ኖራ ያገኘ እርሻ ማዳበሪያም ሆነ ፍግ ያስፈልገዋል፤ አሁን ግን የተሰጠውን ይቀበላል። መጠኑ እንደ አፈሩ ይለያያል፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ሔክታር ከ20 እስከ 40 ኩንታል፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ኖራ የሚገኝበት ወረዳ ሁሉ የሚቸገረው በዋጋው ሳይሆን በክብደቱ ነው። የኖራ ድንጋይ በጎጃም በደጀን በኩል በዓባይ ሸለቆ ይገኛል፤ ከዚያ እስከ ጋይንት ደጋ ማድረስ ግን የመኪና፥ የመንገድና የመጋዘን ነገር ነው፤ ከመኪናው መንገድ ወዲያ ደግሞ የአህያ ነገር ነው። ይህን አንድ ባላገር ብቻውን አይወጣውም፤ ሹማምንት ሊገቡበት የሚገባው ስፍራ እዚህ ላይ ነው። ኖራው በአንድ ጊዜ ለሁሉ ካልደረሰ በመስመር፥ ዘሩ በሚወርድበት ትልም ብቻ፥ ጥቂት በጥቂት የሚጨመርበት ዘዴ አለ፤ በመጠኑ ዝቅተኛ ስለ ሆነ ግን በየዓመቱ መደገም ይፈልጋል። ከልክ በላይ መጨመርም ጕዳት አለው፤ እንደ ዚንክና እንደ ብረት ያለውን ምግብ ከሥሩ ያርቃል። በተዳፋት ላይ ደግሞ እርከን ሳይሠራ ኖራ መበተን ማለት ኖራውን ለጎርፍ መስጠት ነው።

ኖራ እስኪደርስ ድረስ ዘርን መምረጥ ይቻላል። ከእህል ሁሉ ገብስ በአሉሚኒየም አጥብቆ ይጐዳል፤ ጤፍና ድንች ይሻላሉ። በደቡብ ጎንደር ደጋ ባላገሩ የለመደው ትሪቲካሌም፥ ከስንዴና ከአጃ መሰሉ የራይ እህል የተዳቀለ ስለ ሆነ፥ የራይን ትዕግሥት ወርሷል። ትዕግሥቱ ከምን እንደ መጣ አውስትራልያውያን ሊቃውንት በ1993 በስንዴ ላይ አሳይተዋል። ታጋሹ ስንዴ አሉሚኒየም ሲቀርበው በሥሩ ጫፍ ካሉት ሕዋሳት ማሊክ የሚባል አሲድ ወደ ውጭ ያፈስሳል፤ ይህም አሲድ አሉሚኒየሙን ከብቦ ይይዘውና መርዝነቱን ያጠፋዋል። አንዳንድ የማሽላና የገብስ ዐይነቶች ለዚሁ ሥራ በሎሚ ውስጥ ያለውን ሲትሪክ አሲድ ያወጣሉ። አስደናቂ ነው፤ ያልታጋሹ ሥር ጠላቱን በደጁ ሲቀበል፥ ታጋሹ ከውስጥ አውጥቶ ከደጁ ውጭ ያስረዋል። አሲድ ሁሉ ለሥር ጠላት አይደለም ማለት ነው።

ነገር ግን ከሥር የሚወጣው ሁሉ ለሥሩ ጥቅም አይሆንም፤ ለዚህም ምስክሩ የቆላው አቀንጭራ ነው። ከደጋው ወደ በሸሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ገብሱ ለማሽላ ስፍራውን ይለቃል። አቀንጭራ በደረሰበት የማሽላ አገር ሁሉ ባላገሩ አበባው ያማረውን ይህን አረም ያውቀዋል፤ ከላይ ከመታየቱ በፊት ግን ከታች ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ውሃውንና ምግቡን ጠጥቶ ጨርሷል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚቀሰቅሰው ስትሪጎላክቶን የሚባል፥ ከማሽላው ሥር ሕዋሳት እጅግ በጥቂቱ የሚወጣ ነገር ነው። ማሽላው ይህን ለጠላቱ ብሎ አያወጣውም። የጃፓን ሊቃውንት በ2005 እንደ ገለጡት፥ ሥሩ በዚህ ምልክት የሚጠራው ፎስፎረስ የሚያመጣለትን የአፈር ሻጋታ ነው፤ አቀንጭራው ጥሪውን ሰምቶ ሳይጠራ ይመጣል። ፎስፎረስ ያጣ ማሽላ ጥሪውን አብዝቶ ያሰማል፤ ስለዚህም በደከመ መሬት ላይ አቀንጭራ ይበረታል። ፍግ ያገኘ እርሻ አቀንጭራው የሚቀንስለት በሌላ ተአምር አይደለም።

በዚህ በር ላይ የሠራው የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። በምዕራብ ሸዋ በወለንኮሚ ተወልደው፥ በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ተምረው፥ በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ምርምር ይህን ጥሪ እጅግ ዝቅ አድርጎ የሚያሰማውን ማሽላ ከሌላው ጋር አዳቀሉ፤ አቀንጭራው ጥሪውን ስለማይሰማ ተኝቶ ይቀራል። በ1994 ዘሩ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ፤ እርሳቸውም በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በአገራችን ጎቢዬ፥ አብሽርና ብርሃን በሚል ስም የወጡት የማሽላ ዘሮች የዚህ ሥራ ፍሬዎች ናቸው። ዘሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ አቀንጭራው አብቦ ዘሩን ሳይረጭ መንቀል፥ ፍግ መጨመርና ማሽላን ከጥራጥሬ ጋር ማፈራረቅ አብረውት መሄድ አለባቸው።

ለደጋው ወረዳዎች የቀረው የሥራው አኳኋን ነው። ሹሙ ወደ እርሻው ሲወርድ አንድ ዶማ አስይዞ፥ ከጓሮው ገብስ አንድ ነቀላ፥ ከሩቁ እርሻ አንድ ነቀላ ከነአፈሩ አስወጥቶ፥ በውሃ አሳጥቦ ሁለቱን ሥሮች ጐን ለጐን ይመልከት። የሩቁ ሥር አጭርና ደንዳና ከሆነ መሬቱ ሳይኮመጥጥ አይቀርም፤ ዐይን ግን ቢጠረጥር እንጂ አይፈርድምና አፈሩ መለካት አለበት። ለመለኪያ የሚላከው አፈር ከአንድ ጕድጓድ አይወሰድም፤ ከእርሻው ልዩ ልዩ ስፍራ፥ አመድ ከተደፋበትና ከብት ካደረበት ርቆ፥ እስከ አንድ ስንዝር ጥልቀት ተቈፍሮ፥ በንጹሕ ዕቃ ተደባልቆ፥ በጥላ ደርቆ፥ የባለይዞታው ስምና ቀበሌ ተጽፎበት በባሕር ዳር ወዳለው የአፈር ምርመራ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ይህም አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ በታኅሣሥና በጥር ቢሆን ይመረጣል። ኖራው ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ከአፈሩ ጋር መታረስ አለበትና፥ የመለኪያው ውጤት በመጋቢት ካልደረሰ፥ መኪናውም በሚያዝያ ካልተጫነ፥ ሰኔ ይገባል፤ ኖራውም በመጋዘን ከርሞ የሩቁ እርሻ ሌላ ዓመት ይጠብቃል።